የገናሌ ዘመቻ የስንቅ ክፍል

በዚህች አገር የራሱን ሻንጣ ራሱ ጠቅልሎ ከቤቱ የወጣ ሰው የለም። አለሁ የሚል ካለ ሻንጣውን ከፍቶ ይይ። ከሸሚዞቹ በታች፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ፌስታሉ በጨርቅ ተቋጥሮ፣ ጨርቁ ደግሞ በሌላ ፌስታል ገብቶ የተቀመጠ አንድ ነገር ያገኛል። ያንን እሱ አላስገባውም። ያስገባው በየሰፈሩ በአንድ ሰው የሚመራው የስንቅ ክፍል ነው። በአንዱ ሰፈር አክስት ትሆናለች፣ በሌላው ጡረታ የወጣች ጎረቤት። መንግሥት ይለወጣል፣ ክልል ይከለላል፤ ይህ መሥሪያ ቤት ግን ለአንድ ቀን ተዘግቶ አያውቅም።

የነገሌ ቦረናው ቅርንጫፍ በክብርት እትዬ በዛብሽ ይመራል። ጽሕፈት ቤቱ ጦር ሰፈሩን ታክከው ከተሠሩት የቆርቆሮ ቤቶች አንዱ ነው። እትዬ በዛብሽ በወታደር ሚስትነት ከመንዝ ወደዚህ ቆላ ከወረዱ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ባለቤታቸው ሃምሳ አለቃ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማረውና ዕድሜያቸውን በሙሉ ያገለገሉት በስንቅና ትጥቅ ክፍል ነው። ሙያውን ከማን እንደተማሩት ሰፈርተኛው ያውቃል።

የክብርትነታቸው መሪ ቃል አንድ ነው፦ «ይቺ ደግሞ ምን ክብደት አላት?» ይቺ የተባለችው የሚጥሚጣ ብልቃጥ ልትሆን ትችላለች፤ ግማሽ ኩንታል በሶም ልትሆን ትችላለች። በእሳቸው አነጋገር ስንቅ ሁሉ ትንሽ ነው፤ ስንቅ ሁሉ «ከጎን ሸጎጥ» የሚደረግ ነው። ሸጎጥ የተደረገው ነገር የአውቶቡስ ረዳት ጣሪያ ላይ ሲያወጣው ወገቡን ይዞ ይቀመጣል።

አንድ ጊዜ ለሁለት ቀን ስብሰባ ክብረ መንግሥት ተላክሁ። ምሳና ራት በአዘጋጆቹ እንደሚሸፈን፣ ደብዳቤውም ማኅተም እንዳለበት አስረዳኋቸው። ደብዳቤውን ተቀብለው ገልበጥ አድርገው አዩትና ማኅተም ይበላ እንደሆነ ጠየቁኝ። ያን ዕለት ያሸከሙኝ የዳቦ ቆሎ ከረጢት ከስብሰባው ተርፎ፣ ከመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ተርፎ፣ የተማሪ ወረቀት ሳርም እየቆረጠምኩት እስከ ፋሲካ አደረሰኝ። የዚያ ዓመት የጂኦግራፊ ውጤት ያማረው በተማሪዎቹ ጉብዝና ብቻ አይመስለኝም።

የጎረቤታችን ልጅ ዕፀገነት ሜጋ ድረስ በተዳረች ጊዜ ደግሞ ከሙሽሪት ጋር አንዲት ሕይወት ያላት ዶሮ ተሳፈረች። ሙሽራው ሚዜዎቹን አየ፣ ሚዜዎቹ ዶሮዋን አዩ። ዶሮዋ መንገድ ላይ እንቁላል ስለጣለች ሹፌሩ እንደ መልካም ምልክት ቆጥሮት እስከ ሜጋ ሲያዜም ሄደ ይባላል። በየኬላው ያሉ ፈታሾችም የከረጢቱን ቋጠሮ አይተው የማን እጅ እንደሆነ ይለያሉ። እትዬ በዛብሽ ደኅና መሆናቸውን ጠይቀው፣ የሚፈትሹትን ፈትሸው፣ እፍኝ ቆሎ ተጋብዘው ያሳልፋሉ።

አንድ ሕግ ግን አላቸው። ከረጢቱ ይመለሳል። ስንቁ አለቀም ተረፈም፣ መንገደኛው ሲመለስ ከረጢቱን አጥቦ፣ አጥፎ፣ በእጁ ማስረከብ አለበት። ከበሩ ኋላ ባለ ምስማር ላይ ይሰቅሉታል፤ ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ሰው ማሰብ ያቆማሉ።

ይህ ሁሉ የሰላም ጊዜ ሥራ ነው። የክብርትነታቸው ሙሉ ችሎታ የታየው አንድ ልጃቸው ቢንያም ገናሌን በጎማ ጀልባ ልውረድ ብሎ በተነሣ ጊዜ ነው።

ነገሌን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገረው። ነገሌ ላይ ውሃ ማለት በቢጫ ጀሪካን የሚመጣ ነገር ነው። ልጆቻችን ወንዝን የሚያውቁት እኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስስልላቸው ነው፤ ሳጠፋውም አብሮ ይጠፋል። ገናሌ ግን አለ። ከተማውን ለቀው ወደ ሰሜን በመኪና ሲጓዙ፣ ቁጥቋጦው እየሳሳ፣ መሬቱ እየተሰነጠቀ ይሄድና ድንገት ከሥር ይታያል። ከሩቅ ተራሮች የሰበሰበውን ውሃ ይዞ በገደል መካከል እየተንደረደረ ወደ ቆላው ይወርዳል። ለማን እንደሚቸኩል እኛ አናውቅም።

ቢንያም ሁለት ዓመት ኦሞ ወንዝ ላይ ፈረንጆችን በጎማ ጀልባ ለሚያስጎበኝ ድርጅት ሠርቶ ሲመለስ ዓይኑ ተለውጦ ነበር። ሰው ሲያናግረው ከሰውየው ትከሻ በላይ ሌላ ነገር ያያል። አንድ ፕሮጀክት ሥራውን ጨርሶ ንብረቱን በጨረታ ሲሸጥ፣ ሌላው ለወንበርና ለጠረጴዛ ሲሻማ፣ እሱ ማንም ዞር ብሎ ያላየውን የታጠፈ ጎማ ጀልባ ተሸክሞ መጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕልሙ ተላላፊ ሆነ። ዐሥር ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ጀልባው በእትዬ በዛብሽ ግቢ ደረቅ ቀይ አፈር ላይ ይነፋል። እኛም ጫማችንን አውልቀን እንገባለን። ቢንያም ከኋላ፣ አብሮ አደጉ ሀምዛ ከፊት፣ የሁለቱም የቀድሞ መምህር የሆንኩት እኔ ከመሃል፣ የመጥረጊያ እንጨት ይዘን አየሩን እንቀዝፋለን። ቢንያም ቀኝ ሲል ቀኝ፣ ግራ ሲል ግራ። ዶሮዎች በአጠገባችን ያልፋሉ። ሰማዩ ሰፊ ነው፤ ደመናው ዝም ብሎ ይሄዳል፤ እሱን እያየሁ ስቀዝፍ የምንሄደው እኛ ይመስለኝ ነበር። ዋና የማላውቅ የአርባ አራት ዓመት ሰው ነኝ፤ ግን በዚያ ግቢ ውስጥ አንድም ቀን ሰጥሜ አላውቅም።

ካርታውን እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ባረጀ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ። ወንዙን በእውነት የሚያውቀው ግን ቀጄላ ብቻ ነበር። ከብቶቹን ገናሌ እያጠጣ ያደገ የጉጂ ሰው ነው። በገበያ ቀን ይመጣና «አካም፣ ናጋ?» ብሎ ሁላችንንም አንድ በአንድ ሰላም ካለ በኋላ ካርታው ፊት ይቀመጣል። ከዚያ በጣቱ ወንዙን ያርመዋል። እዚህ ጋ ላጋው ይጮኻል ይላል፤ ላጋ ወንዙ ነው። እዚህ ጋ ላጋው ይተኛል። እዚህ ጋ አዞ አለ፣ ግን ሰው አይወድም። አዞው ሰው የማይወደው ለመብላት ነው ወይስ ለወዳጅነት ብዬ ብጠይቀው፣ እሱን ራሱን ጠይቀው አለኝ።

እኛም ውሃው ድንጋይ ላይ እየተሰበረ ነጭ የሚሆንባቸውን ቦታዎች ሳናያቸው ስም አወጣንላቸው። አንዱን «መናኸሪያ» አልነው፤ ሁሉ ነገር እዚያ ይጋፋል ተብሏልና። ረጅሙንና ያለ ምክንያት የሚጮኸውን «ስብሰባ» አልነው። ማታ ስተኛ ስማቸውን በቅደም ተከተል እደግማቸው ነበር፤ ሦስተኛው ላይ ሳልደርስ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ነገሩ ግን ጨዋታ ብቻ አልነበረም። የቢንያም እኩዮች አንድ በአንድ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ እየሄዱ አልቀዋል። ከአንዳንዱ ፎቶግራፍ ይመጣል፤ ከአንዳንዱ ምንም አይመጣም። ቢንያም ለእናቱ በግልጽ ነግሯቸዋል። አዲስ አበባ ካለ አንድ አስጎብኚ ድርጅት ሉሲ የምትባል ባለሙያ በጥቅምት መጨረሻ መጥታ ወንዙን አብራን ትወርዳለች። ከወደደችው ድርጅቱ ጎብኚ ይልካል፤ እሱም ነገሌ ይቀራል። ካልወደደችው እሱም እንደ እኩዮቹ ይሄዳል። እትዬ በዛብሽ ይህን ሲሰሙ ተነሥተው ብረት ምጣዱን ጣዱና ገብስ ይቆሉ ጀመር። ለየትኛው መንገድ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገንም፤ «ገናሌ ላይ ሱቅ የለም» አሉ። ስለ ሞያሌው መንገድ ትንፍሽ አላሉም።

ቢንያም ሒሳቡን ሠራው። ጀልባው የሚችለው አምስት መቶ ኪሎ ነው። አምስት ሰዎች ከነዕቃችን አራት መቶ እንሞላለን። ለስንቅ መቶ ኪሎ ይቀራል፤ ለሦስት ቀን እሱም ሲበዛ ነው። ክብርትነታቸው ይህን በትዕግሥት አዳምጠው ሦስት ኩንታል አዘጋጁ። ልጃቸው ቢቆጣ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው አሉት። እኛ እኮ አምስት ነን ሲላቸው፣ እሱ የእናንተ ጥፋት ነው ብለው መቁላታቸውን ቀጠሉ።

በዚያ ላይ ጉዞው ሐሙስ ተጀምሮ ቅዳሜ የሚያልቅ ስለሆነ ዓርብ መሃል ገባች። ለዓርብ የጾም ስንቅ ለብቻው ተዘጋጀ። ሥጋውም አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም። ሀምዛ ሙስሊም ነው፤ የክርስቲያን ቢላዋ ያረፈበትን አይበላም። እኛም የእስላሙን አንበላም። ስለዚህ የሀምዛን ቋንጣ እናቱ ወይዘሮ ሀሚዳ፣ የኛን እትዬ በዛብሽ አዘጋጁ። ሁለቱ እናቶች የሃያ ዓመት ጎረቤታሞች ናቸው፤ ማን የበለጠ እንደሰቀለ በአጥሩ ላይ በዓይን ሲለካኩ ሰነበቱ። በመጨረሻ አርባ ኪሎ ቋንጣ ወጣው። እንዳይደባለቅ እትዬ በዛብሽ ዘዴ ፈጠሩ፦ የሀምዛን ጥቅሎች በቀይ ክር፣ የኛን በነጭ ክር አሰሩ። ቀጄላ አንተስ የትኛውን ትበላለህ ሲባል፣ እኔ ወንዝ ዳር ዘመድ አለኝ አለና ወሬውን ቀየረ።

የጥቅምት የመጨረሻው ሐሙስ ጠዋት አይሱዙው ወንዙ ዳር አራገፈን። ሉሲ ጸጥ ያለች፣ ጥቁር መነጽር ያደረገች፣ ብዙ አይታ ትንሽ የምትጽፍ ሴት ነበረች። ቁልሉን አየችና ስንት ወር እንደምንቆይ ጠየቀች። ቢንያም ጫማውን አየ። የተወሰነውን ከአይሱዙው ጋር እንመልሰው አልን፤ ሹፌሩ ግን ለካ በእትዬ በዛብሽ ተመክሮ ኖሮ ቀድሞ ነድቶ ሄዷል።

የመጀመሪያዋን ሰዓት ዕድሜ ልኬን አልረሳትም። ወንዙ ሰፊና ዝም ያለ ነበር። ጀልባው የሚሄድ አይመስልም፤ ዳርቻው ነው ወደ ኋላ የሚሄደው። የሾላ ዛፎች ውሃው ላይ አጎንብሰዋል፤ ጦጣዎች ከቅርንጫፍ ሆነው ያዩናል። በጠመኔ የሠራሁት ወንዝ ሥሬ ሲተነፍስ ይሰማኛል። እጄን ውሃው ውስጥ ነከርኩ፤ ቀዝቃዛ ነው። ሃያ ዓመት ሳስተምር ወንዝ እንደሚቀዘቅዝ ለአንድም ተማሪ ነግሬ አላውቅም።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው። «መናኸሪያ» ላይ ስንደርስ ሆዱ የከበደው ጀልባችን መታጠፍ እምቢ አለ። ቢንያም ቀኝ ይላል፣ እኛ ቀኝ እንቀዝፋለን፣ ሦስቱ ኩንታል ግራ ይሄዳሉ። ድንጋዩ ላይ ወጣን፣ ተንጠለጠልን፣ ወረድን፤ አልተገለበጥንም፣ ነገር ግን ወንዙ ገብቶ አብሮን ተቀመጠ። ዳር ስንወጣ በሶው ውሃ ጠጥቶ እጥፍ ሆኗል።

ከዚያ ወዲያ ያለው አንድ መንገድ ሸክሙን መቀነስ ነበር። ግን እህል ነው፤ እህል እንዴት ወንዝ ላይ ይጣላል? ሀምዛ አስተግፊሩላህ አለ፣ እኔ አማተብኩ። ስለዚህ ነጭ ውሃ በመጣ ቁጥር ጀልባው ዳር ይቆማል፣ ስንቁ ይወርዳል፣ ቢንያምና ሉሲ ባዶውን ጀልባ ይዘው እየበረሩ ያልፋሉ፤ እኔ፣ ሀምዛና ቀጄላ ስንቁን ተሸክመን በገደሉ ጥግ ጥግ እንከተላለን። ሰው ከዓለም ዳርቻ እየመጣ ነጭ ውሃ በጀልባ ይወርዳል። እኔ «ስብሰባ»ን የወረድኩት የረጠበ በሶ አዝዬ በእግሬ ነው።

አመሻሽ ላይ እሳት አንድደን ቋንጣውን ፈታን። ቀዩ ክር ቀለሙን ለቆ ነጩን አቅልሞታል። ክሩ ሁሉ ሮዝ ነው። ሀምዛ የእናቴን ቅመም በሽታው እለያለሁ ብሎ አንድ በአንድ አሸተተ፤ ሁለቱ እናቶች በርበሬያቸውን ለሃያ ዓመት አብረው ሲያስፈጩ እንደኖሩ ዘንግቶ ነው። አርባ ኪሎ ቋንጣ መሃላችን አስቀምጠን በረሃብ ተያየን። ማንም እጁን አልዘረጋም። ያኔ ቀጄላ ተነሥቶ ወደ ዳገቱ ወጣና ከዘመዶቹ ወተት ይዞ ተመለሰ። ወተት ቢላዋ አልነካውም። በዚያች ሰዓት ሉሲ መነጽሯን አውልቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ዓርብን የረጠበ ቆሎ ድንጋይ ላይ አስጥተን አሳለፍናት። ቅዳሜ ያልቃል የተባለው ጉዞ እሑድ አለቀ። ሉሲ ስትለየን ወንዙ ድንቅ እንደሆነ፣ ቢንያምም እንደሚችል ተናገረች፤ መልሱን አለቆቿን አማክራ በአንድ ወር ውስጥ በስልክ እንደምትነግረን ቃል ገባች። ቤት ስንደርስ ሁለቱ እናቶች ቋንጣውን ባንድ አፍታ በአቆራረጡ ለዩት። እትዬ በዛብሽ ልጃቸውን ከራስ እስከ እግሩ አይተው፣ መክሳቱን አረጋግጠው፣ ስንቁ ማነሱን ነግሬያችሁ ነበር አሉ።

ኅዳር አለፈ፤ ስልኩ አልጮኸም። ታኅሣሥ አለፈ። ቢንያም ስልኩን እንደ ታማሚ አጠገቡ አስተኝቶ ያድራል። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ጀልባውን አስተንፍሶ፣ አጥፎ፣ ከቆጡ ላይ ሰቀለው። በሳምንቱ እንደሚሄድ ለእናቱ ነገራቸው።

እዚህ ላይ ነው በነገሌ ታይቶ የማይታወቅ ነገር የሆነው። እትዬ በዛብሽ ስንቅ አላዘጋጁም።

አንድ ቀን አለፈ፣ ሦስት ቀን አለፈ። ብረት ምጣዱ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ቀረ። ሰፈርተኛው በበራቸው ሲያልፍ አፍንጫውን ቀና አድርጎ የሚቆላ ገብስ ሽታ ይፈልጋል፤ የለም። ቢንያም ሻንጣውን ዘግቶ በሩ ሥር አስቀምጦ ተቀመጠ። ቆሎ መናኸሪያው ላይ ይሸጣል፤ ገዝቶ መሄድ ይችል ነበር። ነገር ግን እናቱ ሳትሰንቅለትና ሳትመርቀው የወጣ ልጅ መንገዱ እንደማይቃናለት ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ያደገው በስንቅ ክፍል ውስጥ ነው።

ሳምንቱ ሲሞላ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌ ለጋብቻ፣ ለዕርቅ ሲላክ አይቻለሁ፤ ለሁለት ኪሎ በሶ ሲላክ የመጀመሪያዬ ነው። እኔ፣ ቀጄላና ወይዘሮ ሀሚዳ ነበርን። ቀጄላ እንደ ደንቡ በሰላምታ ብዙ ቆየ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብት ጠየቀ። ከዚያ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

«ሃዳ ቢንያም» አለ፤ የቢንያም እናት ማለቱ ነው። «ልጅ ሄደ ከተባለ በምርቃት ይሂድ። ባዶ እጁን አይሂድ። እንለምንዎታለን።»

እትዬ በዛብሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ድምፃቸው እንደ ሁልጊዜው ነበር።

«ለገናሌ ጠይቁኝ። ዐሥር ኩንታል በሉኝ፣ ሌት ተቀን እቆላለሁ። ለዚያኛው መንገድ ግን እጄ አይታዘዘኝም። እኔ ሰንቄ የላክሁት ሁሉ ተመልሶ ከረጢቴን በእጄ ሰጥቶኛል። የዚያን መንገድ ከረጢት ማን መለሰ? እስቲ አንድ ሰው ንገሩኝ።»

ወይዘሮ ሀሚዳ ዓይናቸውን ጠረጉ። ቀጄላ መሬት አየ።

ስንወጣ እኔን አስቀሩኝ።

«መምህር፣ ያንተ ቤት ጓዳው ባዶ ነው አይደል?»

«ባዶ ነው፣ እትዬ።»

«እምቢ ማለቴን አትንገሩት፤ እምቢ ካልኩት ተቆጥቶ ይሄዳል። ገብሱ የለም ካልኩት ግን ይጠብቃል። ልጄን አውቀዋለሁ፣ ይጠብቃል።»

በማግሥቱ ቢንያም ገበያ በወጣበት ሰዓት ሦስት ኩንታል ገብስ በአህያ ጋሪ ቤቴ ገባ። ጓዳው ሁለቱን ዋጠ። ሦስተኛው አልገባ ስላለ አልጋዬ አጠገብ ተጋድሞ ብርድ ልብስ ለበሰ። ለቢንያም የምነግረውም አብሮ ተሰጠኝ። ገብስ ከደጋው፣ ከቦሬ፣ አልመጣም፤ ሲመጣ ይቆላል። ተማሪ ሲዋሽ የምቀጣ ሰው ይኸው ሦስት ሳምንት ዋሸሁ። አንዱን ሳምንት መኪናው ተሰበረ። አንዱን ሳምንት መንገዱ ጨቀየ። የጂኦግራፊ መምህር በመሆኔ የቦሬን አየር ጠባይ በሚገባ አበላሸሁት። ቢንያም ሁሉንም ሰምቶ እሺ ቲቸር ይለኛል።

ስለ ክብርትነታቸው ስንቅ ሳማርር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከረጢታቸውን ስንት ጊዜ ወገቤን ይዤ ረግሜያለሁ። አሁን ግን ልናገረው። እወዳቸዋለሁ። ወደዚህ ከተማ ተመድቤ ስመጣ የሰነቀልኝ ሰው አልነበረም፤ እናቴ በልጅነቴ ነው የሞተችው። በሄድኩበት ሁሉ የመመለሻዬን ቀን የሚቆጥር ሰው እንዳለኝ ያወቅሁት በእሳቸው ከረጢት ነው። ለዚህ ሲባል ቦሬ በረዶ ይጣልባት ብባል እንኳ አስጥልባታለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢንያም ቤቴ መጣ። ስለ ገብሱ ሊጠይቀኝ መስሎኝ የቦሬ ጎርፍ አዘጋጀሁ። እሱ ግን የያዘው ካርታውን ነው። እንዲያው ቀን መግፊያ ነው አለኝ። ወንበር አንድ ብቻ ስላለኝ፣ ሳልቀድመው ብርድ ልብስ የለበሰው ኩንታል ላይ ተቀመጠ።

ካርታውን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። በአንድ ጣቱ ወንዙን ከላይ ጀምሮ ይከተል ጀመር። ሌላው እጁ ብርድ ልብሱ ላይ አረፈ። ቀስ ብሎ ተጫነው። ከሥሩ ገብሱ ተንሸራተተ፤ ድምፁ ለእኔም ተሰማኝ። የእናቱን ኩንታል ሲያወርድና ሲያወጣ ያደገ ልጅ ነው፤ ምን ላይ እንደተቀመጠ የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም።

ቀና ብሎ አላየኝም። እጁንም አላነሣም። እኔም መስኮቱን አየሁ፤ ሰማዩ ሰፊ ነበር። እሱ ከኪሱ እርሳስ አወጣና ከ«ስብሰባ» በታች፣ ወንዙ የሚተኛበት ቦታ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ክብ ሠራ።

«በሁለተኛው ቀን፣ ቲቸር» አለኝ፣ «እዚህ ብናድርስ?»